ቤተኛ ግስ

አባቷ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ የራሳቸውን ቤት ዘግተው፣ ሻንጣቸውንና ሬዲዮናቸውን ይዘው ልጃቸው ጋ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አልፏል፤ አባትየው ግን ዛሬም «እናንተ ጋ» ይላሉ። «እናንተ ጋ ውሃው ቶሎ አይሞቅም።» «እናንተ ጋ በሩ ሲዘጋ ይጮሃል።» ልጃቸው ያላገባች፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት፤ ስለዚህ «እናንተ» የሚባሉት እነማን እንደሆኑ ግልጽ አይደለም። ምናልባት እሷና ግድግዳው።

ልጅቱ የቋንቋ ተመራማሪ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። የምታጠናውም ይህንኑ ነው፦ ሰዎች ስለ ቦታ ሲያወሩ ሳያስቡት የሚያመልጧቸውን ትንንሽ ቃላት። መቅረጫዋን ይዛ በሆስፒታል መጠበቂያ ክፍሎች፣ በፀጉር ቤቶች፣ በመናኸሪያ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ዓመታት አሳልፋለች። አስፈቅዳ ትቀርጻለች፣ ቢሮዋ ተመልሳ ደጋግማ ታዳምጣለች፣ ትጽፋለች። የደረሰችበት ነገር ሲነገር ቀላል ነው። ሰው የራሱ አድርጎ ለሚቆጥረው ቦታ «ገባሁ»፣ «ተመለስኩ»፣ «መጣሁ» ማለት ያዘወትራል፤ የራሱ ላልሆነው ደግሞ «ሄድኩ»፣ «ደረስኩ»። የቦታውን ሰዎች «እኛ» ወይም «እነሱ» ማለቱም ከዚሁ ጋር አብሮ ይሄዳል። እነዚያን የመጀመሪያዎቹን «ቤተኛ ግሶች» ብላ ሰየመቻቸው።

ስሙ ተወደደላት። ተማሪዎች በመመረቂያ ጽሑፋቸው ጠቀሱት። አንድ የሬዲዮ ጣቢያም ጋብዞ አነጋገራት። አባቷ ዝግጅቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ፣ «እናንተ ጋ ሬዲዮው ጥርት ብሎ ይሰማል» አሏት። ሌላ አስተያየት አልሰጡም።

ነገሩ የመጣው በስልክ ነው። ከክፍል ወጥታ የተማሪዎቿን ወረቀት እያረመች ነበር።

«ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ሥራ አስፈታሁዎት?»

«ግድ የለም። ማን ልበል?»

«ተማሪዎ ነበርኩ። ኋላ ወንበር ላይ የምቀመጠው።»

«ኋላ ወንበር ላይ ብዙ ሰው ይቀመጣል።»

«የሚተኛው።»

«እሺ፣ አወቅኩህ» አለች።

የሚተኛው ተማሪ አሁን የመልሶ ማስፈር ጽሕፈት ቤት መርማሪ ሆኗል። ጽሕፈት ቤቱ የተቋቋመው ተራራው ለተናደባት ትንሽ ከተማ ሰዎች ነው። ዝናቡ ሳያባራ ሲጥል ከሰነበተ በኋላ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከከተማይቱ በላይ ያለው ገመገም ተቆርሶ ወረደ። የከተማይቱ የላይኛው ግማሽ ከነሰዉ ጭቃ ውስጥ ቀረ፤ ታችኛው ግማሽ ደግሞ እንደገና ሊናድ ይችላል ተብሎ ታጠረ። የተረፉት ሰዎች ከትልቁ ከተማ ዳር አዲስ ሰፈር ተሠራላቸው። ችግሩ፣ የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብም ሕንጻውም አብረው መቀበራቸው ነው። ማን የዚያች ከተማ ሰው እንደሆነ፣ ማን ባዶ ቤት አይቶ እንደመጣ የሚለይ ወረቀት የለም። ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ አመልካቾችን አንድ በአንድ እያስቀመጠ ያነጋግራል፣ ይቀርጻል፣ ይወስናል።

«አንድ ሰውዬ አስቸግሮናል» አለ መርማሪው። «ሶፋ ሠሪ ነው። እዚያ ተወልጄ አደግኩ ይላል። አንደበቱ ግን አይልም። በእርስዎ ጽሑፍ ነው የያዝነው።»

«በኔ ጽሑፍ ምን አደረጋችሁ?»

«ያዝነው። ይምጡና ይስሙት።»

ሄደች። ጽሕፈት ቤቱ ያረፈበት ሕንጻ ቀድሞ የስፖርት ዕቃ መጋዘን ነበር፤ የክፍሎቹ ጠረን አሁንም የኳስ ጎማ ነው። መርማሪው ጎልምሷል፣ ክራባት አሥሯል፣ ዓይኑ ግን ያው እንቅልፋም ነው። ማዳመጫውን ሰጥቷት ከፊቷ ቆመ፤ ተማሪ እያለ ያላሳየውን ጉጉት አሁን ያሳይ ነበር።

የሶፋ ሠሪው ድምፅ ዝግ ያለ ነው። «ልጅ ሆኜ አጎቴ ጋ ተላክሁ፤ ሙያውንም እዚያው ተማርኩ። ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ወደዚያ እሄድ ነበር። እናቴን ለማየት። እነሱ ጋ ዳገቱ ከባድ ነው፣ ዕቃ ተሸክመህ አትወጣውም። ማክሰኞ ገበያቸው ነው። ዘንድሮም ከመናዱ በፊት ሄጄ ነበር፤ ሰዎቹ ተራራው ድምፅ ያሰማል ይሉ ነበር።»

መርማሪው ቀረጻውን አቆመ። «ሰሙልኝ? ሄድኩ ነው የሚለው። አንድም ቦታ ተመለስኩ፣ ገባሁ የለም። ገበያቸው ይላል። እነሱ ጋ ይላል። ሰዎቹ ይላል። እርስዎ ያስተማሩን ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ሰው አፍ ውስጥ ቁጭ ብሏል።»

«የኔ ጽሑፍ ስለ ብዙ ሰው ነው እንጂ ስለ አንድ ሰው አይደለም።»

«እሱስ ከብዙው አንዱ አይደለ እንዴ?»

የመርማሪው መልስ አጭርና የተሳሳተ ነበር፤ የተሳሳተበትን ለማስረዳት ግን ረጅም ሰዓት ይጠይቃል። ተመራማሪዋ ውሳኔው ከመሰጠቱ በፊት ስብሰባው ላይ ቀርባ ራሷ እንድታስረዳ ጠየቀች። ተፈቀደላት።

በቀጠሮው ቀን ሶፋ ሠሪውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። ረዥም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ሰው ነው፤ ሹራቡ ላይ የክር ቁርጥራጭ ተጣብቋል። ወንበሩን ከመቀመጡ በፊት በእጁ ጫን አድርጎ ሞከረው፤ የሥራ ልማድ መሆን አለበት። ከፊታቸው የተቀመጡት ሰብሳቢዋ፣ ሲያነቡ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ፣ ነገር ማስረዘም የማይወዱ ሴት ናቸው።

«ዶክተር፣ ጊዜዎን አንሻማም። ይህ ሰው የዚያች ከተማ ሰው ነው ወይስ አይደለም?»

«ከዚህ ቅጂ ብቻ ተነስቼ መናገር አልችልም።»

«ጽሑፍዎ ግን ይናገራል።»

«ጽሑፌ የሚለው ብዙዎች በአብዛኛው እንዲህ ያደርጋሉ ነው። አንድን ሰው ነጥሎ ለመፍረድ አልተሠራም።»

«ስለዚህ የዚያ ሰው ነው ይላሉ?»

«አልልም።»

«አይደለምስ?»

«እሱንም አልልም።»

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። «ጥሩ። ባለሙያዋ አስተያየት የላቸውም ብለን እንለፈው።»

አስተያየት ነበራት፤ ግን አልፈውታል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ማመልከቻው ውድቅ ሆነ፤ ምክንያቱም አመልካቹ የከተማይቱ ሰው መሆኑን የሚደግፍለት ምንም ነገር አላቀረበም። ተመራማሪዋ ኮቷን ስትለብስ አንድ ዓይነት እርካታ ተሰምቷት ነበር፤ የማታውቀውን አውቃለሁ አላለችም። ኮሪደሩ ላይ ሶፋ ሠሪው አጠገቧ ደረሰ። አልተቆጣም። ለመረዳት እንደሚፈልግ ሰው አያት።

«ይህን ለማለት ነው የመጡት?» አላት።

መልሷን ሳይጠብቅ ደረጃውን ወርዶ ሄደ።

እራት ላይ ለአባቷ ነገረቻቸው። ነገሩን ሁሉ አዳመጡና ቁራሽ ዳቦ እየገመሱ፣ «ታዲያ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?» አሏት። «አላውቅም ማለት እዚሁ ቁጭ ብለሽም ይቻል ነበር። ትራንስፖርቱም ይቀርልሽ ነበር።»

«አባዬ፣ ታዲያ ዋሽቼ የዚያ ሰው ነው ልበል?»

«እኔ ምኑን አውቄው። ብቻ እናንተ ጋ ጨው አይበዛም፤ ጨው አቀብዪኝ።»

ተናደደች። አባቷ ላይ ይሁን ራሷ ላይ ሳትለይ ሳህኖቹን አጥባ ተኛች።

በማግስቱ መርማሪውን የቅጂውን ግልባጭ ለመነችው፤ ላከላት። ቢሮዋን ዘግታ እንደገና አዳመጠችው። መጀመሪያ ግሶቹን ብቻ ነበር የሰማችው። አሁን የቀረውን ሰማች፦ የመርማሪውን ጥያቄ፣ የወንበሩን መንቋቋት፣ ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ ያለውን ዝምታ። ሰውዬው የሚናገረው ሙሉ ብርጭቆ ይዞ እንደሚሄድ ሰው ነው፤ እንዳይፈስበት። ከዚያ የራሷን የድሮ ቅጂዎች ከፈተች። የፀጉር ቤቱን፣ የመናኸሪያውን፣ የሆስፒታሉን። ሁሉም ላይ ከሁለት ሰው በላይ አለ። ይሳሳቃሉ፣ ንግግር ይነጣጠቃሉ፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሰዋል። «እኛ» የሚለው ቃል የሚወጣው እዚያ መሐል ነው፤ አንድ ሰው «እኛ» ሲል አብሮት እኛ የሚሆን ሌላ ሰው አጠገቡ አለ፣ ወይም ሊሰማው ይችላል። ይህን ሰውዬ ግን ባዶ ክፍል ውስጥ ከማያውቀው ባለሥልጣን ፊት አስቀምጠው «እኛ» እንዲል ጠብቀዋል። ጽሑፏ ውስጥ ሰዎቹ ከማን ጋር እያወሩ እንደተቀረጹ የሚገልጽ አንድ አንቀጽ አለ። አጭር ነው። ሰው የማያነበው ዓይነት አንቀጽ ነው፤ እሷም ስትጽፈው ብዙ አላሰበችበትም።

የሶፋ ሠሪውን ሱቅ ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባትም። ከጎማ ጠጋኝና ከመስታወት ቆራጭ መሐል የተሸጎጠ ጠባብ ቤት ነው። መሐሉ ላይ ልብሱ የተገፈፈ ሶፋ ተገልብጦ፣ ሞላዎቹ ተዘርግፈው ቆሟል። ሰውዬው ሚስማር በከንፈሩ ይዞ ነበር፤ ሲያያት አንድ በአንድ አውጥቶ መዳፉ ላይ አኖራቸው።

«ደግሞ ምን ሊቀርጹ ነው?» አለ።

«መቅረጫ አልያዝኩም። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው። አዲሱ ሰፈር ከገቡት ሰዎች እርስዎን የሚያውቅ አለ?»

«ሁሉም ያውቁኛል።»

«ታዲያ ለምን አንድ ሰው መጥቶ አይመሰክርልዎትም?»

ተረከዙ ላይ ቁጭ አለ። «ማወቅና መመስከር አንድ ነው እንዴ? እናቴ የዚያ አገር ሰው አይደለችም። አባቴ ከሌላ ቦታ አግብቷት ገባች። እኔን ወልዳ ብዙም ሳይቆይ እሱ ሞተ። ከዚያ ማን ነሽ፣ ምን ትሠሪያለሽ፣ ለምን ወደ ሀገርሽ አትሄጂም ይሏት ጀመር። እኔን የመጤዋ ልጅ ነው የሚሉኝ። ትምህርት ቤት ስማችን ሲጠራ እንኳ አስተማሪው እንደዚያ ብሎ ጠርቶኝ ያውቃል፤ አቤት ብያለሁ። አጎቴ ጋ የላከችኝ ለሙያ ብቻ አይደለም።»

«እናትዎስ?»

«እናቴ እዚያ ናት።»

ተመራማሪዋ ቃሉን ልብ አለች። ናት ነው ያለው። ጭቃው አልተቆፈረም።

«አንድ ልጠይቅዎት» አለች በመጨረሻ። «ከሁሉም አብልጠው የሚጠሉዎት ማን ናቸው?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። የፊት ጥርሱ መሐል ክፍተት አለው። «እሱማ ምን ጥያቄ አለው! እማማ ደወል ናቸዋ!»

እማማ ደወል የከተማይቱ ትምህርት ቤት ጥበቃ ነበሩ። ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የሐዲድ ቁራጭ በብረት እየመቱ ክፍል የሚያስገቡ፣ ክፍል የሚያስወጡ እሳቸው ናቸው። የድምፃቸው ነገር ሲነሳ ግን ሐዲዱ ለይስሙላ ነበር ይባላል። ቤታቸው ከሶፋ ሠሪው እናት ቤት ጋር አጥር ይጋራ ነበር። እሳቸው የተረፉት ያን ቀን ረፋድ ታችኛው ሰፈር ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዘው ስለነበር ነው።

ተመራማሪዋ መርማሪው ጋ ተመልሳ ሐሳቧን ስትነግረው የእውነት ነቃ።

«ጠላቱን ምስክር እናድርግለት? እሱስ ተስማምቷል?»

«ተስማምቷል። ከዚህ የባሰ አይመጣም ነው ያለው። ምስክርም አይደሉም። አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጡና ያውሩ። አንተ ግን አትጠይቅ።»

«ካላወሩስ?»

«ካላወሩ ተሸንፌያለሁ። አንተም እንቅልፍህን ትተኛለህ።»

ሰብሳቢዋ ይግባኝ ሰሚም ስለነበሩ ጉዳዩን ለማየት ፈቀዱ። ለምን እንደፈቀዱ አልተናገሩም፤ ምናልባት ባለፈው አስተያየት የለኝም ያለች ሴት አሁን አስተያየት ይዛ መምጣቷ ገርሟቸው ይሆናል።

እማማ ደወል በቀጠሯቸው ሰዓት ደረሱ። ጠና ያሉ፣ ደንዳና፣ የእጅ ቦርሳቸውን እንደ ጋሻ ደረታቸው ላይ የያዙ ሴት ናቸው። ተሽከርካሪ ወንበር ቢሰጧቸው፣ «ይሄ ወንበር ይሸሻል፣ የሚቆም አምጡልኝ» አሉ። የሚቆም መጣ። ሶፋ ሠሪው ጠረጴዛው ማዶ ነበር፤ ሲገቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆመ። እሳቸው መስኮቱን አዩ።

መርማሪው አትጠይቅ የተባለውን ረሳ። «እማማ፣ ይህን ሰው ያውቁታል?»

«አላውቀውም።»

መርማሪው ወደ ተመራማሪዋ ዞሮ ትከሻውን ሰበቀ። ሰብሳቢዋ ፊታቸው ያለውን ዶሴ መዝጋት ጀመሩ። ተመራማሪዋ ይህን ሰው በሷ ምክንያት ለሁለተኛ ጊዜ ባዶ እጁን ልትሸኘው ነው።

«እማማ» አለ ሶፋ ሠሪው ቀስ ብሎ፣ «እግርዎት ተሻለዎት? ቀኙ ነበር አይደል?»

እማማ ደወል መስኮቱን እንዳዩ፣ «ግራው ነው» አሉ። ከዚያ ዝም ማለት አቃታቸው። «ግራው ነው! ቀኝ እግሯን ታማ የነበረችው እናትህ ናት። የራስህን እናት እግር ከሰው እግር አትለይም?»

«ልክ ነዎት፣ ግራው ነው። ቦዩ ውስጥ የወደቁ ጊዜ።»

«አልወደቅኩም! ተጣልኩ! ቦዩን ወደ ግቢዬ ያዞረችው ማን ሆነችና ነው?»

«ቦዩን ያዞረው ዝናቡ ነው።»

«ዝናብ አካፋ ይይዛል?»

«አካፋውንማ ያዋሷት እርስዎ ነዎት።»

«ለጎመን መደቧ ብላኝ ነዋ! ለጎመን ብላ ወስዳ እኔን አጥለቀለቀችኝ! መመለስም አልፈጠረባትም።»

«እኔ ራሴ መልሼልዎታለሁ። በር አልከፍትም ብለው በመስኮት ነው የተቀበሉኝ። እጀታው ተሰንጥቋል ብለው ደግሞ መልሰው ወረወሩብኝ።»

«ተሰንጥቆ ነበራ!»

«አዎ፣ ሲያውሱንም ተሰንጥቆ ነበር።»

ሰብሳቢዋ ዶሴውን መዝጋታቸውን ትተዋል። ተመራማሪዋ ሰውዬው በዚህ ሁሉ መሐል «እርስዎ» ማለቱን አንዴም እንዳልለቀቀ ልብ አለች። ድምፁ ግን ቅጂው ላይ ካለው ድምፅ ሌላ ነበር፤ ፈጥኗል፣ ወፍሯል፣ ከእማማ ደወል ዜማ ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል።

«አንተን ማን በር ይከፍትልሃል?» አሉ እማማ ደወል፣ አሁን ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ ዞረው። «የደወሌን ብረት የሰረቅክ ሌባ! ሳምንቱን ሙሉ በድንጋይ ደወልኩ። ክንዴ ተገነጠለ።»

«አልሰረቅኩም።»

«ያው በደብተርህ ጠቅልለህ ስትወጣ የታየኸው አንተ አይደለህም?»

«ይዤ የወጣሁት እኔ ነኝ። አልሰረቅኩም፤ ደበቅነው።»

«ማንና ማን?»

«እኛ ነና። አራተኛ ክፍል በሙሉ። የሒሳብ ፈተና ነበረብን፤ ደወል ከሌለ ፈተና አይጀመርም ብለን። ወንዙ ዳር ድልድዩ ሥር ቀበርነው። የእርስዎም ልጅ ነበረበት።»

ቦርሳቸው ከደረታቸው ወርዶ ጭናቸው ላይ ዐረፈ።

«ልጄ አልነበረበትም» አሉ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀንሷል። «ጠይቄዋለሁ። አልነበርኩበትም ብሎኛል።»

«ሐሳቡ የሱ ነበር፣ እማማ። እናቴ ብረቱን የምታስቀምጥበትን አውቃለሁ ብሎ ቦታውን ያሳየን እሱ ነው። እኔ እንድወስደው የተመረጥኩት፣ ብያዝ የመጤዋ ልጅ ነው ይባላል፣ ሌላ ሰው አይጠየቅም ብለን ነው። እንደዚያም ሆነ።»

የእማማ ደወል ልጅ ያን ቀን ረፋድ ላይኛው ሰፈር ነበር። ይህን ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ያውቃሉ፤ ዶሴያቸው ላይ አለ። አሮጊቷ ጠረጴዛው ላይ አቀረቀሩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መርማሪው ውሃ ሊያመጣ ተነሣ። እያለቀሱ አልነበረም፤ ይስቁ ነበር። ሳቁ ሲያልቅ ግን ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ለረጅም ጊዜ ጠረጉ።

«ቀጣፊ!» አሉ። «ዓይኔን እያየ! አልነበርኩበትም አለኝ፣ ዓይኔን እያየ!»

«ፈርቶዎት ነው።»

«ይፍራኝ እንጂ! ሂሳብስ አለፈ?»

«ወደቅን። ሁላችንም።»

መርማሪው ውሃውን አስቀምጦ ጉሮሮውን ጠረገ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቅድም ይህን ሰው አላውቀውም ብለው ነበር።»

«ማን አለ?»

«እርስዎ ነዎታ።»

«አላውቀውም አልወጣኝም። የኛ አይደለም ነው ያልኩት!»

«እማማ፣ ተቀርጿል። አላውቀውም ነው ያሉት።»

«ያው ነው» አሉ እማማ ደወል።

«ያው አይደለም» አሉ ሰብሳቢዋ፤ መነጽራቸውንም ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጻፍ ጀመሩ።

ሶፋ ሠሪው ቤት ተሰጠው። ጽሕፈት ቤቱ ቤቶቹን ያደላደለው በቀድሞው የጎረቤት አቀማመጥ ስለሆነ፣ የደረሰው ከእማማ ደወል አጥር ጋር የሚዋሰነው ባዶ ቤት ነው። ሁለቱም ቅሬታ አቀረቡ፤ የሁለቱም ተቀባይነት አላገኘም።

ተመራማሪዋ የጽሑፏን ማስተካከያ ጽፋ ለመጽሔቱ ላከች። ቤተኛ ግሶች ከአንድ ሰው ብቻውን በሚሰጠው ቃል ላይ ሊመዘኑ እንደማይችሉ፣ አንድ ሰው ባደገበት ቦታ ሰዎችን «እነሱ» ሊል የሚችለው እዚያው ስላደገ ጭምር ሊሆን እንደሚችል አብራራች። ማስተካከያው በሚቀጥለው እትም መጨረሻ ገጽ ላይ ወጣ። ማንም ስለሱ አልደወለላትም። ተማሪዎችም የመጀመሪያውን ጽሑፍ እንደ ድሮው መጥቀሳቸውን ቀጠሉ፤ አጠር ያለና ለመያዝ የሚመች ነውና። የመልሶ ማስፈሩ ጽሕፈት ቤት ግን አመልካቾችን ለብቻ ማነጋገሩን ተወ። መርማሪው ይህን ሲነግራት፣ አሁን ሥራው ጩኸት የበዛበት ስለሆነ መተኛት እንደማይቻል አማረረ።

በጋው ሲገባ አዲሱን ሰፈር ልታጠና ሄደች። ቤቶቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሰዉ ግን በሮቹን የተለያየ ቀለም እየቀባ መለየት ጀምሯል። የሰፈሩ ሰዎች በደስታ ተቀረጹላት። እማማ ደወል ለብቻቸው አንድ ካሴት የሚሞላ ነገር ተናገሩ፤ ስለ ጎረቤታቸው ስትጠይቃቸው ግን፣ ጽሕፈት ቤቱ አስገድዷቸው እንጂ እሳቸው እንዳልመሰከሩለት አስረዷት። ሰላም አይሉትም። አንዳንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሰዓት በኋላ አጥሩ ጋ ቆመው ስለ ልጃቸው ይጠይቁታል፤ እሱም የሚያስታውሰውን ይነግራቸዋል። የማያስታውሰውን ሲጠይቁት አላስታውስም ይላቸዋል፤ ያን ጊዜ ተቆጥተው ይገባሉ።

ሶፋ ሠሪው ራሱ ግን መቀረጽ አልፈለገም።

«አንዴ ተቀርጬ ያየሁትን አይቻለሁ» አላት። ግቢው ውስጥ ትልቅ ሶፋ ልብስ እያለበሰ ነበር። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁርጥ ያለ እምቢታ ግን ነበረበት።

«ልክ ነዎት» አለች፤ መቅረጫውን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። መሄድ ነበረባት፤ ግን ወዲያው መሄዱ ለቃሉ ብቻ የመጣች ያስመስልባታል ብላ ትንሽ ቆመች።

«ከቆሙ አይቀር» አለ፣ «ያቺን ጫፍ ይያዙልኝ። ሳብ ያድርጉት፤ ወደራስዎ። እንዳይላላ።»

ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ጨርቁን በሁለት እጇ ያዘች። እሱ ከማዶ በኩል እየጎተተ ሚስማር ይመታል። ሥራው ከጠበቀችው በላይ ኃይል ይጠይቃል፤ ጣቶቿ ነጡ። ስለ ጨርቁ ዓይነት፣ ስለ ስፖንጅ መወደድ፣ ስለ አዲሱ መንገድ አቧራ አወሩ። አንድ ጎን ሲያልቅ ዞረው ሌላውን ያዙ።